ከቀብር ስንመለስ የዘፈነችው መኪና

ባለፈው ሳምንት ከግቢ ስመለስ ካዛንቺስ ላይ የቀብር መኪኖች መንገዳችንን አቋረጡ። የታክሲያችን ሾፌር ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ የሬዲዮኑን ማዞሪያ ጠምዘዝ አድርጎ ዝም አሰኘው። ማንም ልብ አላለውም። እኔ ግን የአባቴ ቀብር ትዝ አለኝ።

አሥራ አንደኛ ክፍልን የጨረስኩበት ክረምት ነበር። ከቀብር ስንመለስ እኔና እማዬ በታናሽ ወንድሟ በደረጀ መኪና ተሳፈርን። አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ነበረች፤ ውስጧ ገና ፕላስቲክ ፕላስቲክ ይሸታል። ከመሪው በቀር እጅ የሚይዘው ነገር የላትም። ሁሉም ነገር አንድ ሰፊ ስክሪን ላይ ነው፤ ጽሑፉ ደግሞ ቻይንኛ። እስከዚያ ሰዓት አላለቀስኩም ነበር። ምንም የሚሰማኝ ነገር አልነበረም።

ባምቢስ ሱፐርማርኬትን እንዳለፍን መስታወቱ በትንፋሻችን ደበዘዘ። ደረጀ ማራገቢያውን ልክፈት ብሎ በዝናብ በራሰ ጣቱ ስክሪኑን ነካ። መኪናዋ በሰርግ ዘፈን ተሞላች። ለካ ከዚያ በፊት በነበረው እሁድ በጓደኛው ሰርግ ሙሽሮቹን ሲያጅብ ሚዜዎቹ ዘፈኑን ጭነውባት ኖሯል።

«ደሬ፣ ዝጋው» አለች እማዬ። ድምጿ ውስጥ ቁጣ እንኳ አልነበረም።

«የቱን ልዝጋ እትዬ? ማለቴ... ምኑ ነው የሚዘጋው?»

«ያቺን ምልክት ንካት» አልኩት፣ ልረዳው ብዬ።

ነካት። መስኮቶቹ በሙሉ ወረዱ።

«ጎሽ» አለች እማዬ። «አሁን ሰፈሩም ይጨፍርልን።»

ቂርቆስ ደርሰን ነበር። ከመታጠፊያው ወዲያ፣ ድንኳኑ ውስጥ፣ ጎረቤቶቻችን አባቴን እያለቀሱ ይጠብቁናል። ባሏን ቀብራ እየዘፈነች መጣች ከተባለ፣ ይህ ወሬ ዕድሜ ልኳን አይለቃትም።

«አቁም» አለች። ወርዳ ነጠላዋን አስተካከለችና ዝናቡ ውስጥ በእግሯ መሄድ ጀመረች። ተከተልኳት። ዘፈኑ ከኋላችን እየራቀ ሄደ።

ድንኳኑ ጋ ስንደርስ ጎረቤታችን እትዬ አልማዝ ደረቷን እየመታች ወጣች። «እዩዋት! እሱ ከሄደ መኪና ምን ያደርግልኛል ብላ በእግሯ መጣች!» ድንኳኑ በለቅሶ ተናወጠ። እማዬ አንገቷን ደፍታ ገባች።

እትዬ አልማዝ እስከ ዛሬ ይህን ታወራለች፤ እማዬም አቀርቅራ ትሰማታለች። እኔም አላርማትም። ከዚያ ቀን ጸሎት አንዲት ቃል አላስታውስም፤ አንድ ጠብታ ዕንባም አልወጣኝም። ዕንባው የሚመጣብኝ ሰርግ ቤት ነው፣ ሙሽሮቹ ሲገቡ፣ ያ ዘፈን ሲከፈትና ሰው ለጭፈራ ሲነሳ። አጠገቤ ያሉት ሴቶች ትከሻዬን ያሻሹኛል፤ «ሆደ ቡቡ ናት፣ ደስ ብሏት ነው» ይላሉ።