ቁልቁለት የሌለው ከተማ

ትናንት መሳቢያ ሳጸዳ አንድ አሮጌ የሬዲዮ ድንጋይ እጄ ላይ ፈረሰ። ጥቁሩ ዱቄት ጥፍሬ ውስጥ ገባ። ያ የኮመጠጠ፣ የዛገ ብረት የሚመስል ሽታው ሲመታኝ ሥራዬን ትቼ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ታውቂኛለሽ፣ ቁጭ ብዬ የምተክዝ ሰው አይደለሁም። ይሄን ግን ካልነገርኩሽ አይለቀኝም።

አባቴ የቡና ባለሙያ ነበር። ጋምቤላ ክልል የተባለች ሰሞን ቢሮ በላይ በላዩ ይከፈት ነበርና ከቡና አገሩ ከመቲ ወደ ጋምቤላ ከተማ ጠርተው አመጡት። ቡና በማይበቅልበት ሜዳ የቡና ባለሙያ ምን እንደሚሠራ እስከ ዛሬ አልገባኝም። የወረድነው እናቴን መቲ ቀብረን፣ ተዝካሯን እንኳ ሳናወጣ ነው። ለስድስት ወር ብቻ ነው አለኝ። ስድስት ወሩ ሦስት ዓመት ሆነ፤ እሱ ግን ግድግዳው ላይ አንዲት ሚስማር አልመታም። ልብሳችን ከካርቶን እየወጣ ይለበስ ነበር።

የአባቴ ሞተር ሳይክልም አብሮን ወረደ። የእግር ማስነሻው ድሮ ተሰብሯል። ቁልፍ ሲጫኑ ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖም አይሠራም። መቲ ላይ ይሄ ችግር አልነበረም፤ አገሩ ሁሉ ዳገትና ቁልቁለት ነው። አባቴ ማታ ከፍ ያለ ቦታ ያቆመዋል፣ ጠዋት ቁልቁል ይለቀዋል፣ መታጠፊያው ጋ ሳይደርስ ይነሳለታል። ጋምቤላ ግን እንደ ትሪ ሜዳ ናት። ስለዚህ የአባቴ ቁልቁለት እኔ ሆንኩ።

በየጠዋቱ ዩኒፎርሜን ለብሼ እገፋለሁ። ፀሐይዋ ገና በማለዳ ጀርባ ትጠብሳለች። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ሲገባ አባቴ ፍሪሲዮኑን ይለቃል፣ ሞተሩ ሁለቴ ያስልና ይነሳል፣ ጭሱን ፊቴ ላይ ተፍቶ ይሄዳል። ጎረቤታችን ነርስ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ ታየንና፣ ሌላው ሰው ሞተሩን በቤንዚን ያስነሳል፣ እርስዎ በልጅ ያስነሳሉ እያለች ታበሽቀዋለች። ይስቃል። እኔ አሠራው ስለው ግን መልሱ ምንጊዜም አንድ ነበር።

"መቲ ስንመለስ ምን ሊያደርግልኝ? እዚያ ቁልቁለት አለ።"

እኔ መመለስ አልፈልግም ነበር። ጓደኞቼ እዚህ፣ ትምህርት ቤቴ እዚህ፣ ባሮ እዚህ። መቲ ለእኔ እናቴ የታመመችበት ክፍል ነበር። ያ ሞተሪኖ ከተሠራ እንደምንቀር ደግሞ ሁለታችንም እናውቃለን፤ አንናገረውም እንጂ።

አንድ ጊዜ ለስብሰባ በአውሮፕላን አዲስ አበባ ሄደ። በነጋታው ሞተሩን ብቻዬን እየገፋሁ፣ ገበያው አጠገብ ማንጎ ሥር ወደሚሠራው መካኒክ ወሰድኩት። ረጅም፣ ወሬ የማያበዛ አኙዋ ነበር። ሞተሪኖውን ፈቶ ሲከፍተው ጥቁር አቧራ ተበተነ። ከውስጡ አልቀው የጥፍር ቁራጭ ያከሉ ሁለት ካርቦኖች አወጣና አሳየኝ። መብራቱን የሚያደርሱት እነዚህ ናቸው፣ አዲሱ ከአዲስ አበባ ካልመጣ አይገኝም አለኝ። ትንሽ አሰበና ቤታችን ሬዲዮ እንዳለ ጠየቀኝ። ሮጬ የአባቴን ሬዲዮ ድንጋዮች አመጣሁ። አንዱን ሰብሮ ከመሃሉ ያለውን ጥቁር ዘንግ መዘዘና ከብርጭቆ ወረቀት ጋር ሰጠኝ፤ ሌላ ሥራ ይዞ ነበር። መሞረድ ጀመርኩ። ወዲያው እጄ ላይ ተሰበረ። ሳቀ።

"መሮጥ የሞተሩ ሥራ ነው። አንቺ ቀስ በይ።"

ሁለተኛውን ዘንግ ቀስ ብዬ ሞረድኩ፤ ሁለቱም ካርቦኖች ከሱ ወጡ። በሕይወቴ ቀስ ያልኩበት ሥራ ያ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ጣቶቼ ከሰሉ፣ ጥርሴ ሳይቀር አሸዋ አሸዋ አለኝ። ወደ አሥር ሰዓት ላይ ገጣጥሞ ጨረሰና ተጫኚው አለኝ። ተጫንኩት። ተነሳ።

አባቴ እሑድ ተመለሰ። ሬዲዮውን ከፈተው፣ ነቀነቀው፣ ዝም ሲል መልሶ አስቀመጠው። ሰኞ ጠዋት ሞተሩን መንገድ አውጥቶ ተቀመጠበትና እንደ ልማዱ ጀርባውን ሰጥቶኝ ጠበቀ። ቁልፉን ተጫነው አልኩት። ዞረ። ሁሉንም ባንድ ትንፋሽ ነገርኩት። ወርዶ ተንበረከከ፣ የተወለወለውን ሞተሪኖ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። በጥፊ ይለኛል ብዬ ስጠብቅ አፌ አመለጠኝ።

"አባዬ፣ አንመለስም እኮ።"

ዓይኑን ከብረቱ ላይ አላነሳም።

"እናትሽ እዚያ ብቻዋን ናት" አለ።

ከዚያ ተነስቶ ሞተሩ ላይ ተቀመጠና ማርሹን አስገባ። ግፊ አለኝ፤ ድምፁ ቁጣ አልነበረውም።

ገፋሁ። ደህናውን፣ የሚሠራውን ሞተር ገፋሁ። ነርሷ መጠገኑን ሰምታ ነበር። ባልዲዋን ይዛ ቆማ አየችንና ወደ ውሃው ሄደች። ያን ሳምንት ገፋሁ፣ የሚቀጥለውንም፣ ዝናቡ እስኪገባ ድረስ።

ከዚያ አንድ ጠዋት ጫማዬን ሳስር ከግቢው ክርር የሚል ድምፅ መጣ። ቀጥሎ ሞተሩ ተነሳ። በአንድ እግር ጫማ ሮጬ ስወጣ መንገዱን ይዟል፤ ጭቃው ላይ አንድ ቀጭን የጎማ መስመር ቀርቷል። ድምፁ እስኪጠፋ በሩ ላይ ቆምኩ። የፈለግኩትን አግኝቼ ነበር፤ ልንቀር ነው። እናቴን የተለየኋት ያን ጠዋት ይመስለኛል።