ባሕሩ የመለሰው ኮኮናት

በሕንድ አገር፣ በማንድቪ ወደብ፣ የዚያችን ሴት ስም የጠየቀ የለም። ዓሣ ሻጯ ራታን ግን ልጇን አዝላ በየቀኑ ታያታለች። ባሕሩ ሲሸሽ የነጋዴው የቬልጂ ሸራ መርከብ ስብርባሪ የጎድን አጥንቱን አግጥጦ ይወጣል፤ ሴትዮዋም አጠገቡ ቁጭ ትላለች። ባሏ በዚያ መርከብ ሲሞት እንደ መበለት ወግ አምባሮቿን ሰብራለች። በምትኩ ከስብርባሪው የነቀለችውን ረጅም ሚስማር አጉብጣ ክንዷ ላይ አጥልቃለች።

ቬልጂ ያንን መርከብ የላከው ክረምቱ ሳይወጣ፣ ባሕሩ እንዲራራ የሚወረወርለትን ኮኮናት ሳይሰጥ ነበር። ዳርቻው ጋ ሲደርስ ተሰበረና አሥራ አንድ ሰው አለቀ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በኮኮናቱ በዓል ቀይ ክር ያሰረበትን ኮኮናት ከሁሉም ቀድሞ ይወረውራል። እሷ ደግሞ እስከ ደረቷ ውኃ ውስጥ ትገባና በቀይ ክሩ ለይታ የእሱን ታወጣለች።

ዘንድሮም አምጥታ እግሩ ሥር አኖረችለት።

«እንካ ጌታው፣ ባሕሩ አልበላልህም ብሏል።»

«አንቺ እብድ! ማዕበል እኮ ነው የመለሰው!»

«እሱንስ መለሰው። አሥራ አንዱን ነው ያልመለሰው።»

ራታን ወደ ባሏ ወደ ካንጂ ዞረች፤ ነገ በቬልጂ አዲስ መርከብ ሊሄድ ጓዙን ጭኗል።

«አንተ ሰውዬ፣ በዚህ አገር ሌላ መርከብ ጠፋ?»

ካንጂ ራሱን አከከ፤ ከዚያ መርከቡ ላይ ወጥቶ ጓዙን አወረደ። ሦስት መርከበኞችም ተከተሉት።

ሴትዮዋ ጣቶቿን እያጠፈች በራታን አጠገብ አለፈች።

«ከአሥራ አንዱ ዕዳው አራት ወረዱለት» አለች ለራሷ። «ሰባት ይቀሩታል።»