የቺዙኮ ሰኞ

ቶኩጂ ፀጉር አስተካካይ ነው። ኦሳካ ውስጥ፣ ከሺንሴካይ ሰፈር ሁለት መታጠፊያ አለፍ ብላ የምትገኘውን ባለ ሁለት ወንበር ፀጉር ቤት ከአባቱ ተረክቦ ሠላሳ አራት ዓመት ሠርቶባታል። ምላስ ያለው፣ ጨዋታ አዋቂ፣ ደንበኛ የሚወደው ሰው ነው፤ ቤቱ ሲገባ ግን ጨዋታው ያልቅበታል። ሰኞ ፀጉር ቤት ሁሉ ዝግ ስለሆነ፣ ሰኞ ሰኞ ምሳውን በልቶ ሾጊ የሚባለውን የጃፓን ቼዝ ሊጫወት ይወጣል። አመሻሽ ላይ ተመልሶ እራቱን እየበላ ንጉሡን ከከበባ እንዴት እንዳወጣ፣ ማንን እንዴት አድርጎ እንደረታ ለሚስቱ ያወራላታል። ሚስቱ ቺዙኮ "እህ፣ እሺ" እያለች ትሰማዋለች። እሷ ሰኞን በምን እንደምታሳልፍ ግን ጠይቋት አያውቅም። ልብስ ታጥባለች፣ ቤት ትወለውላለች ብሎ ነው የሚያስበው፤ እንዲያውም አስቦበት አያውቅም ቢባል ይቀላል።

አንድ የጥቅምት እሁድ እራት እየበሉ ሳለ፣ "ነገ ኩኒሂኮ ይመጣል" አለችው።

"የቱ ኩኒሂኮ?"

"የልጅነት ጎረቤቴ ነዋ፣ የምንጣፍ ሠሪው ልጅ። ሰሜን፣ ሀኮዳቴ ከተማ ከገባ አርባ ዓመቱ። ለወንድሙ ልጅ ሠርግ መጥቶ ነው፤ ከመመለሱ በፊት ሰፈሩን ዞር ዞር ብለን እንየው አለኝ።"

"ሚስቱስ?"

"ሞታለች፣ ሦስት ዓመቷ።"

ቶኩጂ የያዘውን የመብሊያ እንጨት አስቀመጠ። "ነገ ሾጊ አልሄድም።"

"ምነው?"

"ወገቤን አሞኛል።"

"ታዲያ ሾጊ ተቀምጠህ አይደል እንዴ የምትጫወተው?"

"መቀመጡ እኮ ነው የሚያመኝ። መራመድ ጥሩ ነው ተብያለሁ።"

ቺዙኮ አየት አድርጋው ሩዟን መብላት ቀጠለች።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ ኩኒሂኮ ሺንሴካይ መሀል ካለው ረጅም ማማ ሥር ቆሞ ጠበቃቸው። ቶኩጂ መጀመሪያ ያየው ፀጉሩን ነው። ሰውዬው ስድሳ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ፀጉሩ ግን አንድም ቦታ አልሳሳም። የራሱ የቶኩጂ አናት እንደ ሸክላ ሳህን ማብረቅ ከጀመረ ሃያ ዓመት አልፎታል። ተቀብቶት ይሆናል ብሎ ከጆሮው ኋላ ሥሩን አጮልቆ አየ። አልተቀባም። ይሄ ደግሞ ይባስ አናደደው።

"ቺዙ!" አለ ሰውዬው።

"ኩኒ!" አለች እሷ፣ እንደ ተማሪ ልጅ ሮጥ ብላ።

ቺዙ? 'እኔ ባሏ እንኳ ቺዙ ብያት አላውቅም' አለ ቶኩጂ በሆዱ።

ኩኒሂኮ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣው። "አቶ ቶኩጂ እርስዎ ነዎት? ስለ እርስዎ ብዙ ሰምቻለሁ።"

"ከማን?"

"ከቺዙ ነዋ! በየዓመቱ የአዲስ ዓመት ካርድ ትልክልኝ የለ?"

ቶኩጂ ደነገጠ። የቤቱን የአዲስ ዓመት ካርዶች በሙሉ አንድ ላይ አስሮ ፖስታ ቤት የሚወስደው ራሱ ነው። ለሰውዬው የተጻፈውን በየዓመቱ በገዛ እጁ ሲያደርስ ኖሯል ማለት ነው።

መንገድ ጀመሩ። ቶኩጂ ዝም ብሎ እንዳይከተል እንግዳ ተቀባይ ለመምሰል ሞከረ። "ያ እንግዲህ ማማው ነው" አለ በጣቱ እያመለከተ።

"አንተ ደግሞ፣ ማማው ትናንት የበቀለ መሰለህ እንዴ?" አለችው ቺዙኮ። "ኩኒ እኮ እዚሁ ነው የተወለደው።"

ሁለቱ ቀደም ብለው እየሄዱ የልጅነታቸውን አነሡ። ከዓሣ ሻጩ ሰርቀው ስለበሉት፣ ቦይ ውስጥ ስለወደቀው ጫማ፣ ኩኒሂኮ በእህቱ ቀሚስ ትምህርት ቤት ስለሄደበት ቀን። ቺዙኮ የመብራት ምሰሶ ይዛ፣ እንባዋ እስኪወርድ፣ አፏን ከፍታ ሳቀች። ቶኩጂ ይህን ሳቅ አያውቀውም። እሱ የሚያውቀው ሳቅ በእጅ ተሸፍኖ በአፍንጫ የሚወጣውን ነው። የደንበኛውን ሁሉ ሆድ የሚያፈርጥ ቀልደኛ፣ የገዛ ሚስቱ እንዲህ መሳቅ እንደምትችል ሌላ ሰው ሊያሳየው?

ምሳቸውን በእንጨት ተሰክቶ የሚጠበስ ሥጋና ሽንኩርት የሚሸጥበት ቤት በሉ። የስጎው ማጥለቂያ ድስት የሁሉም ነው፤ ሰው ሳይነክስ አንዴ ብቻ ነው የሚያጠልቀው። ኩኒሂኮ በጨዋታ ተይዞ የነከሰውን መልሶ ወደ ድስቱ ሲልክ፣ ቶኩጂ ከጠዋት ጀምሮ ሲጠብቃት የነበረችውን ዕድል አገኘ።

"ኧረ ይተው! የነከሱትን?" ብሎ ቤቱ እስኪሰማ ጮኸ። "ሰሜን ምን እንደምትሠሩ አላውቅም፤ እዚህ ግን ነውር ነው!"

ቤቱ ሳቀ። ኩኒሂኮ ጆሮው ቀላ። ቺዙኮ የጥሬ ጥቅል ጎመን ቅጠል አንሥታ፣ በቅጠሉ ከድስቱ ስጎ ቀድታ፣ የኩኒሂኮ ሥጋ ላይ አፈሰሰችለት። ቶኩጂ የሰውዬውን ሥጋ ትክ ብሎ አየ። ለሱ እንዲህ አድርጋለት ታውቃለች? በየቀኑ ምግቡን የምታቀርብለት እሷ ናት፤ ግን እንዴት አድርጋ እንደምታቀርብለት አንድም ቀን አስተውሎ ስለማያውቅ ሊያስታውስ አልቻለም።

ይሄኔ ጥብሱን የሚያወጣው ሰውዬ ከምድጃው ማዶ ድምፁን ከፍ አደረገ። "እትዬ ቺዙኮ፣ ዛሬ ደግሞ ወንድ በጥንድ! ሰኞ ሰኞ ብቻሽን እየመጣሽ አሳዝነሽን ነበር እኮ!"

"አፍህን ዘግተህ ሽንኩርቱን አገላብጥ፣ እያረረ ነው" አለችው።

"ሰኞ ሰኞ?" አለ ቶኩጂ።

"ብላ፣ ይቀዘቅዛል።"

ከዚያ በኋላ ነገሩ ተለወጠ። ጭማቂ ቤት ሲገቡ፣ ባለቤቱ ሳይጠይቃት ስኳር የሌለበት ቅይጥ ጭማቂ አመጣላት። የዝናብ ጫማ የምትሸጠው ሴት የጉልበቷን ሕመም ጠየቀቻት። ጥርስ የሌላቸው ሽማግሌ ደግሞ "ባለፈው ሰኞ ቀርተሽ ተጨነቅን" አሏት። ቶኩጂ ለሠላሳ ዓመት የኖረባት ቤት ውስጥ፣ ያላያት ሌላ ክፍል የተከፈተ መሰለው።

ጠባቧ፣ ክዳን ያላት ጃንጃን መንገድ ላይ የሾጊው ቤት አለ። በመስተዋቱ ተጫዋቾቹ ይታያሉ። ከውስጥ አንዱ የቶኩጂ ጓደኛ አይቶት መስተዋቱን አንኳኳ፤ "ወገቡን አሞት ተኝቷል የተባልነው ሰውዬ አንተ አይደለህም?" ብሎ ተሳለቀበት። ቶኩጂ ወገቡን ይዞ ለማነከስ ሞከረ።

"አሁን ነው የጀመረህ" አለችው ቺዙኮ፤ ቀጥላም እንዲሁ እንደ ቀላል ነገር፣ "ሳልፍ አንዳንዴ በመስተዋቱ አይሃለሁ። ስታስብ ጆሮህን ትጎትታለህ" አለች።

"መቼ?"

"ሰኞ ሰኞ ነዋ። አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። ቀና ብለህ አይተኸኝ ግን አታውቅም።"

መልስ ሳትጠብቅ ወደ አንዲት ጠባብ ቤት ታጠፈች። በቡሽ ጥይት ተኩሰው ሽልማት የሚጥሉባት የዒላማ ቤት ናት። ባለቤቷ ወይዘሮ ኦቶሜ የሰማንያ ዓመት ሴት ናቸው። "ዘገየሽብኝ" ብለው፣ ተደርድረው የቆሙትን ጠመንጃዎች ትተው ከጠረጴዛ ሥር አንዱን አወጡላት። ግድግዳው ላይ ባለው ጥቁር ሰሌዳ፣ "የወሩ አንደኛ" ከሚለው ሥር በጠመኔ የተጻፈው የሚስቱ ስም ነበር።

ቺዙኮ መነጽሯን አወለቀች። ጠረጴዛው ላይ ተንጠራርታ፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና፣ ትንፋሽዋን ያዘች። ጧ! የከረሜላ ቆርቆሮው ወደቀ። ጧ! የሸክላዋ ድመት ተገለበጠች። ኩኒሂኮ አጨበጨበ፤ መንገደኛ ቆሞ አየ።

"እስቲ እኔም" አለ ቶኩጂ። የመጀመሪያው ቡሽ ጣሪያ መታ። ሁለተኛው የወይዘሮ ኦቶሜን ሽርጥ።

"ፀጉር አስተካካይ ነው ያልሽኝ ይሄ ነው?" አሉ ወይዘሮዋ ወደ ቺዙኮ ዞረው። "በዚህ እጁ ነው ምላጭ ጉሮሮ ላይ የሚያስጠጋው? የደንበኞቹን ነፍስ አማልክት ይጠብቁ!"

ቺዙኮ ያንን ሳቋን ሳቀች። አሁን በሱ ነው የሳቀችው፤ ቢሆንም ያሳቋት ወይዘሮዋ ስለሆኑ የሱ ሳቅ አልመሰለውም።

እሷ ጥይት ስትጨምር፣ ሁለቱ ወንዶች ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ።

"አንድ ነገር ልጠይቅዎት" አለ ቶኩጂ። "ፈልገዋት ነበር?"

"አዎ" አለ ኩኒሂኮ። "ስሄድ አብረን እንሂድ ብያት ነበር።"

"ምን አለች?"

"ብርድ አልወድም አለች" ብሎ ሳቀ። "እርስዎን ማግባቷን ስሰማ ብዙ ጊዜ ቀንቼብዎት ነበር። አሁን ግን ገርሞኛል። ስለ ዒላማ ተኩሷ ከዓመታት በፊት ጽፋልኝ ነበር፤ የቆርቆሮዎቹንም፣ የወይዘሮዋንም። እርስዎ ዛሬ ነው እንዴ የሚያዩት?"

ካርድ ፖስታ የለውም፤ ጽሑፉ ክፍት ነው። ቶኩጂ አንዴ ገልብጦ ቢያየው ኖሮ ያነበው ነበር። ይህን ለሰውዬው አልነገረውም።

ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ኩኒሂኮን ባቡር ጣቢያ ሸኙት። ሁለቱ ብቻቸውን ወደ ቤት ሲሄዱ ቶኩጂ አላስቻለውም።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"መቼ? እራት ላይ? እራት ላይ አንተ ንጉሥህን ከከበባ ስታወጣ አይደል የምታመሸው?"

"አንዲት ቃል ብትይኝ ምን ነበረበት?"

"አንተስ አንዲት ቃል ብትጠይቀኝ?"

ከጥቂት እርምጃ በኋላ፣ "በኩኒ ቀንተህ ነው አይደል?" አለችው።

"በሱ የቀናሁት ጠዋት ነው።"

"አሁንስ?"

"አሁንማ በአሮጊቷ። በጭማቂ ሻጩ። በዚያ ጥርስ በሌለው ሽማግሌ ሳይቀር። ሳትመጪ ስትቀሪ የሚጨነቀው እሱ ነው እንዴ?"

ቺዙኮ ቆመች። ፊቷ ላይ መሳቅም መቆጣትም ተፈራረቀባት።

"ሰኞ አብሬሽ ልምጣ?" አላት።

"አይሆንም" አለች ቶሎ። ከዚያ ድምፅዋን ለስለስ አድርጋ፣ "ሰኞ የኔ ነው፣ አንተዬ። አንተም ሾጊህን ተጫወት። ከሰባቱ ቀን አንዱን ብቻ ነው የያዝኩት" አለችው።

ክፉኛ ከፋው። ያን ሳምንት ደንበኞቹ ምን ነካው አሉ፤ ፀጉር እየቆረጠ ዝም ይላል። ቅዳሜ ዕለት ግን ወረቀት አውጥቶ፣ ከአሁን በኋላ ፀጉር ቤቱ በየወሩ በሦስተኛው ማክሰኞም ዝግ መሆኑን በትልቁ ጽፎ በሩ ላይ ለጠፈ። ቺዙኮ ከገበያ ስትመለስ ቆማ አነበበችው።

"ማክሰኞ ምን ልትሠራ ነው?"

"አንቺ የማታውቂው፣ እኔም የማላውቀው ቦታ ልሄድ ነው። ከፈለግሽ ነይ።"

መጣች። ወደቡ አካባቢ ቦይ የሚያሻግረው ጀልባ ላይ ወጡ፤ ካፊያ ነበር፣ ጃንጥላ የያዘችው እሷ ብቻ ናት። ቶኩጂ ሲጠይቅ ዋለ፦ ጉልበቷን መቼ እንዳመማት፣ መተኮስ ማን እንዳስተማራት፣ ያ ጠመንጃ ከሌላው ለምን እንደሚሻል። አንዳንዱን መለሰችለት፤ አንዳንዱን "እሱን ተወው" ብላ አለፈችው። ተወው የተባለው ሁሉ ቅናቱን ቆሰቆሰበት፤ ግን መጠየቁን አላቆመም። አጠገባቸው ብስክሌቱን ይዞ የቆመ ሰውዬ ጥቂት ሲያዳምጣቸው ቆየና፣ "እናንተ ገና መተዋወቃችሁ ነው?" አላቸው።

ቶኩጂ አፉን ከፈተ። ቺዙኮ ቀደመችው።

"አዎ" አለች፣ ጃንጥላውን ወደሱ ጠጋ እያደረገች። "ወሬ ይወዳል፤ እንግዲህ እናያለን።"