ፍራሽ ላይ ያረፈ ቴሌስኮፕ

መርካቶ ውስጥ ሰው ጣራ ላይ የሚወጣው በሁለት ምክንያት ነው፤ ወይ ዲሽ ለማስተካከል፣ ወይ የሚያፈስ ቆርቆሮ ለመጠገን። ከዚህ ውጭ የወጣ ሰው ወይ አብዷል፣ ወይ ሌባ ነው፣ ወይ የሰው ቤት አጮልቆ የሚያይ ባለጌ ነው። እኔ ከዚህ ውጭ ነበር የምወጣው። ሰፈሩም ከሦስቱ ስሞች የመጨረሻውን መርጦ ሰጠኝ።

ሥራዬ ስፖኪዮ መሸጥ ነው። ሶማሌ ተራ ውስጥ ከወለል እስከ ኮርኒስ የመኪና የጎን መስታወት የተደረደረበት ጠባብ ሱቅ አለኝ፤ የሚገባ ደንበኛ ሁሉ መጀመሪያ ፀጉሩን ያስተካክልና ከዚያ ነው ዋጋ የሚጠይቀው። ቴሌስኮፑን ከዱባይ ያመጣልኝ መለዋወጫ የሚያስመጣ ወዳጄ ነው። «ይሄም ያው በስፖኪዮ ነው የሚሠራው» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ባልዲ በሚያህለው ቱቦ ውስጥ ትልቅ መስታወት ተቀምጧል። ልዩነቱ ኮምፒውተር ያለው መሆኑ ነው። ቦታውን፣ ቀኑንና ሰዓቱን ከነገሩት፣ ራሱ ሰሜንን ፈልጎ፣ ራሱ ልኩን ጠብቆ፣ ሁለት ደማቅ ኮከቦች መርጦ ወደ እነሱ ይዞራል። የባለቤቱ ሥራ በመነጽሩ አይቶ «አዎ፣ እሱ ነው» የሚለውን ቁልፍ መጫን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ጁፒተር ቢሉት ጁፒተርን፣ ጨረቃ ቢሉት ጨረቃን እያጉረመረመ ሄዶ ያመጣል። በሕይወቴ እንደዚህ የታዘዘኝ ነገር የለም፤ ወደድኩት።

ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሉሃል ይሄ ነው። በዚያው ሰሞን ላገባት የምፈልጋት ልጅ ነበረች። ሱቄ የመጣችው ለአባቷ የጭነት መኪና ስፖኪዮ ልትገዛ ነው። የግራውን ጠይቃ የቀኙን ይዛ ሄደች፤ ልትቀይር ተመለሰች፤ ከዚያ በኋላ የሚቀየር ነገር ሳይኖርም መመለሷን ቀጠለች። አባቷ እህል በረንዳ የታወቁ የጤፍ ነጋዴ ናቸው። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ከመጋዘናቸው በላይ ባለው ቤት ከዚህች አንድ ልጃቸው ጋር ነው የሚኖሩት።

ሽማግሌ ልልክ ሽር ጉድ ስል ወሬው ቀድሞኝ እሳቸው ዘንድ ደረሰ። «ያ ስፖኪዮ ሻጭ ሲመሽ ጣራ ላይ ወጥቶ በቱቦ የሰው መኝታ ቤት ያያል» ተባለ። አባትየው ጤፍ እየተሰፈረ ነው አሉ የሰሙት፤ ሥራ አስቁመው፣ «ስፖኪዮ የሚሸጥ ሰው ከኋላው የሚመጣውን ይይ፤ የሰው ጓዳ ምን አገባው? ሽማግሌ እንዳይልክ፣ በር አልከፍትም» አሉ።

ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ የማንንም ቤት አይቼ አላውቅም። ግን ይሄን ለማን ትላለህ? ልጅቱ ግን እንደ እኔ አንገቷን ደፍታ የምትቀር አይደለችም። ስትለምን፣ ስታኮርፍ፣ ስትለምን ሰነበተችና አባቷን አሳመነቻቸው። ስምምነቱ ይሄ ነው፤ ማሽኑ እሳቸው ጣራ ላይ ይተከላል፤ በመነጽሩ የሚያዩት ራሳቸው ናቸው። ሰማይ ካዩ ሽማግሌ ይመጣል። የሰው ቤት ካዩ ደግሞ እኔ ሁለተኛ በእህል በረንዳ አላልፍም።

«አንድ ዕድል ነው ያለህ» አለችኝ በስልክ። «እባክህ እንዳትፈላሰፍ። ቁልፉን ብቻ ተጫን።»

ሽማግሌ ያልላከ ወንድ የልጅቱ ቤት ዘው ብሎ አይገባምና፣ ለጎረቤት ዓይን ሲባል የዲሽ ሠራተኛ ሆኜ ገባሁ። ቱቦውን በትከሻዬ፣ ሦስት እግሩን በብብቴ ይዤ በጆንያዎቹ መሃል ሳልፍ አንዲት ጎረቤት በመስኮት ብቅ ብላ፣ «ወንድሜ፣ ስትጨርስ የእኛንም እይልን! ኳስ የሚያሳየው ከጠፋብን ቆየ!» አለችኝ። እሺ አልኳት። ምን ልበላት?

ወሩ ጥር ነው፤ ሰማዩ ተጠርጎ ታጥቧል። ፀሐይ ገብታ የመንገዱ መብራት መብራት ጀምሯል። አባትየው ኮታቸው ላይ ጋቢ ደርበው፣ ፕላስቲክ ወንበር ላይ እንደ ዳኛ ተቀምጠዋል። እጅ ነሣሁ። በአገጫቸው ቱቦውን አመለከቱኝና፣ «ሥራህን ሥራ» አሉ።

ሦስቱን እግር ዘረጋሁ፣ ቱቦውን ጫንኩ፣ መቆጣጠሪያውን በእጄ ይዤ ጮክ ብዬ እያስረዳሁ መሙላት ጀመርኩ። ቦታ፣ አዲስ አበባ። ቀኑን ሞላሁ፤ ሰዓቱን ሞላሁ። የመጨረሻዋን ቁልፍ ልጫን ስል ባትሪው መድከሙን አየሁ። ሞተሩ መሃል መንገድ ላይ ቢቆምብኝ ማን ያምነኛል? ማራዘሚያ ገመድ ፍለጋ ከልጅቱ ጋር ወደ መጋዘኑ ወረድኩ። ገመዱ ከምስር ጆንያ ሥር ተቀብሮ ስለነበር ትንሽ ቆየን። እውነት ለመናገር ሲገኝ ቅር ብሎኛል።

ስንመለስ አባትየው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ወደ መሳለሚያ ሰፈር እያዩ ቆመዋል። ፊታቸው ላይ በጎ ሥራ የሠራ ሰው እርካታ ነበር። ልብ አላልኩትም። ገመዱን ሰካሁ፣ ቁልፉን ተጫንኩ። ማሽኑ አጉረመረመ፣ ዞረ፣ ቀና አለ፤ ከዚያ ሐሳቡን የቀየረ ይመስል አንገቱን ዝቅ፣ ዝቅ፣ ዝቅ አድርጎ ወደ መሳለሚያ በኩል ቆመና ጢጥ አለ። ኮከቡን አግኝቻለሁ ማለቱ ነው። ዝቅታው ትንሽ ቅር አለኝ፤ ግን ኮምፒውተር ነው፣ ከእኔ ያውቃል አልኩ። ደግሞ እሳቸው ሳያዩ ቀድሜ ማየት ብልግና ነው።

«ጋሼ፣ ይቅደሙ።»

ጎንበስ ብለው አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው አዩ። ቀና ብለው እኔን አዩ፤ መልሰው ጎንበስ አሉ።

«ኮከብ ነው ያልከኝ?»

«አዎ ጋሼ። በጣም ደማቅ ኮከብ ነች።»

«ዕድሜዋ ስንት ይሆናል?»

ጥያቄያቸው ደስ አለኝ። ዕውቀት ጠምቷቸዋል አልኩ። «ብዙ ሚሊዮን ዓመት ይሆናታል።»

«አትመስልም» አሉ። «ደግሞ የሌሊት ልብስ ለብሳለች።»

ገፍቻቸው ማለት ይቻላል፣ ዓይኔን መነጽሩ ላይ ለጠፍኩ። መሳለሚያ አጠገብ ፎቅ ላይ የተሰቀለ ትልቅ የስፖንጅ ፍራሽ ማስታወቂያ አለ፤ ሲመሽ በመብራት ያሸበርቃል። ፍራሹ ላይ አንዲት ቆንጆ ተጋድማ ትስቃለች። ይሄ ዓይነት ቴሌስኮፕ ደግሞ ያየውን ሁሉ ገልብጦ ነው የሚያሳየው። ቆንጆዋ በሌሊት ልብሷ ከፍራሹ ሥር እንደ ሌሊት ወፍ ተንጠልጥላ ትስቅብኛለች።

«ስሕተት ነው!» አልኩ። ላብ አጠመቀኝ። «ሁለተኛ ኮከብ አለ፣ ሁለተኛውን ይዩት!» ቁልፉን ተጫንኩ። ማሽኑ በታላቅ ኩራት ተነሥቶ ወደ ቀኝ ዞረና እንደገና ዝቅ ብሎ ጢጥ አለ። አባትየው አዩ።

«አሁን ደግሞ መጋረጃ ነው። አበባ ያለበት።»

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ልጅቱን ቀና ብዬ አየኋት፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። አባትየው ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሡ። ደረጃው ጋ ሊደርሱ ነው። ይሄ ደረጃ ካለቀ ሁሉም ነገር ማለቁ ነው፤ እኔም ከእንግዲህ የጤፍ እንጀራ ሳይ የምተክዝ ሰው ልሆን ነው። መቆጣጠሪያውን አነሣሁና የሚያሳየውን ሰዓት አየሁ።

በእኛ ሰዓት ከምሽቱ አንድ ካለፈ ትንሽ ቆይቷል። ማሽኑ በፈረንጅ ሰዓት ነው የሚሠራው፤ እኔ የሞላሁለት የምሽት ሰባት ነበር። አሁን ግን ስድስት ሰዓት ወደፊት ተገፍቶ አንድ ይላል፤ ለእሱ ይሄ እኩለ ሌሊት ያለፈ ማለት ነው። ምስኪኑ ማሽን ሁሉም ሰው በተኛበት ሰዓት ሰማዩ የት የት እንደሚሆን አስልቶ፣ ገና ያልደረሱ ኮከቦችን ይፈልጋል።

ጣራው ላይ የቀሩት ማን እንደነበሩ አውቃለሁ። ግን አማቴ እንዲሆኑ የምለምናቸውን ሰው፣ በገዛ ጣራቸው ላይ፣ በልጃቸው ፊት «ያበላሹት እርስዎ ነዎት» እንዴት ይባላል? «ማሽኑ... ብርድ መትቶት ይሆናል» አልኩ።

ልጅቱ በትከሻዬ ላይ አሻግራ ቁጥሩን አየች።

«አባዬ!» ብላ ጮኸች። የታወቀ ወንጀለኛ የሚጠራበት ድምፅ ነው።

«ምን አባዬ ትያለሽ?» አሉ ደረጃው አፍ ላይ ቆመው። «ሰዓቱ ስቶ ነበር። አንድ ሰዓት ላይ ሰባት ይላል! አሳዘነኝ፣ አስተካከልኩለት።»

በኋላ እንደሰማሁት ይሄ የቆየ አመላቸው ነው። የፈረንጅ ሰዓት የሚያሳይ ነገር ካዩ እጃቸው አያርፍም። የሰው ቤት የግድግዳ ሰዓት ወንበር ላይ ወጥተው ያስተካክላሉ። የልጃቸውን ስልክ አስተካክለውላት ፈተና አምልጧታል። ለዚህ ሁሉ አንድም ቀን አመሰግናለሁ የሚል ሰው አለማግኘታቸው ይገርማቸዋል።

«ጋሼ፣ ማሽኑ በፈረንጅ ሰዓት ነው የሚሠራው» አልኩ ቀስ ብዬ።

«ቅድም ያለበት ቦታ አዲስ አበባ መሆኑን ነግረኸዋል?»

«አዎ፣ ነግሬዋለሁ።»

«አዲስ አበባ መሆኑን እያወቀ በፈረንጅ ሰዓት ምን ያንጨረጭረዋል?»

ልጅቱ ክርክሩን አልጠበቀችም። የአባቷን ክንድ ይዛ መልሳ ወንበሩ ላይ አስቀመጠቻቸው፤ እኔ ሰዓቱን መልሼ ሁሉንም ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ማሽኑ አጉረመረመ፣ ዞረ፣ በዚህ ጊዜ ወደ ላይ፣ ወደ ላይ ሄደ። ቀድሜ አየሁ፤ ብልግና ይሁን። ኮከብ ነው። ሁለተኛውም ኮከብ ነው። ጁፒተር ብዬ አዘዝኩት፤ ፈልጎ ያዘው።

አባትየው እየተጠራጠሩ ጎንበስ አሉ።

«ክብ ነው» አሉ። ቆይተው ደግሞ፣ «መስመር መስመር አለው። አጠገቡ ያሉት ትንንሾቹ ምንድን ናቸው?»

«ጨረቃዎቹ ናቸው ጋሼ።»

«የራሱ?»

«የራሱ። ብዙ አሉት፤ ከዚህ የሚታዩት አራቱ ናቸው።»

«ዙሪያውን እየዞሩ ነው የሚኖሩት? ጥለውት አይሄዱም?»

«አይሄዱም።»

ዓይናቸውን ከመነጽሩ ሳያነሡ፣ «ታድሏል» አሉ።

የልጅቱ ፈገግታ ቀስ እያለ ጠፋ። ሄዳ ከጀርባቸው ቆመች።

«ወሬውን ያመንኩት እንዳይመስልሽ» አሏት፤ አነጋገራቸው ግን ለጁፒተር የሚነግሩ ይመስል ነበር። «የሰው ቤት የሚያይ ሰው እንዲህ ያለ ቱቦ በአደባባይ ተሸክሞ አይዞርም። እምቢ የምልበት ምክንያት ቸግሮኝ ነው። ማታ መጋዘን ዘግቼ ይሄን ደረጃ ስወጣ፣ አንቺ ከሌለሽ ማንን ነው የማወራው? ፈራሁ።»

እህል በረንዳ ሙሉ የሚፈራቸው ሰው «ፈራሁ» አሉ። ልጅቱ ጀርባቸው ላይ ግንባሯን አስደገፈች። እኔ የት እንደማይ ጠፍቶኝ ወደ መሳለሚያ ዞርኩ፤ እዚያ ደግሞ ያቺ የፍራሽ ቆንጆ አለች፤ ተመልሼ ጫማዬን አየሁ።

አባትየው ቀና ብለው በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። መነጽሩ ዓይን ያስለቅሳል አሉ። ከዚያ ቱቦውን እንደ ጥሩ በሬ መታ መታ አደረጉትና፣ «እንግዲህ ስትጋቡ» አሉ፣ «ይሄ ነገር ከእናንተ ጋር ይሄዳል ወይስ እዚህ ይቀራል?»

«ስትጋቡ» የሚለውን ስሰማ ልቤ ዘለለ። ቀጥሎ የጥያቄው ቀሪ ገባኝና ተመልሶ ቁጭ አለ። ቴሌስኮፔን አየሁት። እሱም ወደ ጁፒተር እንዳንጋጠጠ፣ ሳይነግሩት ቀስ እያለ እየተከተለው ነበር። እንዴት ያለ ታዛዥ ነው! «ጋሼ፣ እሱን እንኳን...» ብዬ ጀመርኩ።

«ይቀራል» አለች ልጅቱ። ዞር ብላም አላየችኝም። «እኛ ሲመሽ እየመጣን አብረንህ እናያለን።»

ባል መሆኔን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።