የበረዶው ወንዝና የእትዬ ዘነቡ ልጅ

እሁድ ዕለት ኦክላንድ፣ እትዬ ዘነቡ ቤት ምሳ ተጠርቼ... መጽሔት ይዤ ሄድኩ። ሰው ብርቱካን ይዞ ይሄዳል፣ እኔ መጽሔት! የማታ እንግሊዝኛ ትምህርት ከገባሁ ወዲህ ያላነበብኩት የለም፤ የሻምፑ ጠርሙስ እንኳ አይቀረኝም። ከክፍሉ አንደኛ ነኝ። አስተማሪዋ አትናገርም እንጂ ታውቀዋለች።

እትዬ ዘነቡን ለማታውቁ... ልጃቸው ብርሃኑ ወታደር ነበር። ሰሜን ግንባር ዘምቶ በዚያው ቀረ። ጦርነቱ አልቆ ጓደኞቹ ሲመለሱ እሱ የለም። ሽማግሌዎች «ፍትሐት ይደረግለት» ብለው ስንቴ ለመኗቸው። «ሬሳውን አምጡና አለቅሳለሁ» እያሉ መለሷቸው። እህቱ ሠናይትም ከሳን ሆዜ እየተመላለሰች ለምና ለምና ተወችው።

«እስቲ አንብብልኝ፣ አንተ ጉረኛ» አሉኝ።

ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ እየመለስኩ ጀመርኩ። ደቡብ ዋልታ ላይ የበረዶ ወንዝ አለ፤ ውሃ ሳይሆን ግግር በረዶ ነው። ቀስ እያለ ወደ ባሕር ይሄዳል። ድሮ አገሩን ካርታ ላይ ሊያሰፍሩ ሦስት ሰዎች ውሻ በሚጎትተው ጋሪ ገቡ። በረዶው መሐል ገደል አለ፤ አፉን ስስ በረዶ ስለሚሸፍነው አይታይም። አንደኛው ከነውሾቹ፣ ከነስንቁ ገባበት።

«ከዚያስ?»

«ጓደኞቹ አፋፉ ላይ ሆነው ለሰዓታት ተጣሩ። ገመዳቸውም አልደረሰም...»

«ለሰዓታት ብቻ?»

ቀና ስል ዓይናቸው እንባ ሞልቷል።

«እኔ ስንት ዓመቴ ነው ስጣራ?»

ለምሳው የመጣችው ሠናይት ከኩሽና ብቅ ብላ «ኦኬ በቃ፣ ስቶፕ አድርግ!» አለችኝ። መጽሔቱን ላጥፍ ስል እትዬ እጄን ያዙኝ።

«ትተውት ሄዱ?»

«የቀብር ጸሎት አፋፉ ላይ አነበቡለት፣ እትዬ። ከዚያ ሄዱ።»

«ያለ ሬሳ?»

«ያለ ሬሳ።»

«አሁንስ እዚያው ነው?»

መዋሸት አማረኝ... ግን ጽሑፉ ፊቴ ተዘርግቷል። «በረዶው ስለሚሄድ እሱንም ይዞት ይሄዳል። ወንዙን ግን በስሙ ጠሩለት።»

ምሳው ቀዘቀዘ። ተነሡና ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለበሱ።

«ሠናይት... ለቄሱ ኮል አድርጊላቸው። ለወንድምሽ ፍትሐት ይደረግለት።»

ከዚያ «ብርሃኑዬ!» ብለው ሲጮኹ ጎረቤቱ በሙሉ በር ከፈተ።

ማንበብ ቻልኩ ብዬ ስፎክር ከርሜ፣ ሰው ቤት ጮክ ብዬ ያነበብኩት የመጀመሪያው ነገር መርዶ ሆነ።