የጃፓንኛው ደብተር

የወንድሜ አርባ ሲደርስ ልብሱን ለነዳያን ልንሰጥ ስናራግፍ፣ ከጃኬቱ ኪስ የጌም ሜሞሪ ካርድ ወደቀ።

ሰፈራችን ባለው «ማርቆስ ጌም ቤት» ሁሉም የኳስ ጌም ሲጫወት፣ ወንድሜ የሚመርጠው አንድ ጨለማ የጃፓን ጌም ነበር። «እዚህ አጋንንቱን አትገድላቸውም፤ አናግረህ፣ አባብለህ ታልፋለህ» ይለኛል። ጽሑፉ ጃፓንኛ ስለሆነ የየቃሉን ቅርጽ ደብተር ላይ እየሣለ፣ እየሞከረ የደረሰበትን ሥራውን በአማርኛ ይጽፍበት ነበር።

አንድ ቀን አላጫውትህ ቢለኝ ተናደድኩና ደብተሩን ለአባታችን ለመሪጌታው አሳየሁበት።

«ድግምት! ማነው የጻፈልህ?» አሉት ወንድሜን ጠርተው።

«እኔው ነኝ አባባ፣ የጌም ነው እኮ። አጋንንቱን ማባበያ...»

«ጋኔን አይባበልም፣ ይገሠጻል!» ብለው እሳት ውስጥ ጨመሩት። የላስቲክ ሽፋኑ ሽታ ቤቱን ሞላው። ወንድሜ እኔን አየኝና «አይ አንተ!» አለ።

ትናንት ካርዱን የዚያ ጌም ሲዲ አሁንም ወዳለበት ማርቆስ ጌም ቤት ወስጄ ሰካሁት። ወንድሜ ያቆመበት ቦታ መጣ፤ ከሥሩ ሁለት የጃፓንኛ ቃላት። ወንድሜ እንደነገረኝ፣ አንዱ ጌሙን ያስቀጥላል፣ አንዱ የተቀመጠውን ያጠፋል። የቱ የቱ እንደሆነ ደብተሩ ላይ ነበር።

«ትጫወታለህ ወይስ ትነሣለህ?» አለኝ ባለቤቱ።

ነቅዬው ቤት ገባሁ። አባባ ካርዱን ተቀብለው አገላበጡት።

«ውስጡ ምን ይላል?» አሉኝ።