በተዘጋው መንገድ ላይ የሰርግ ፎቶ

ነገሩ የደረሰው ባለፈው ዓመት ሚያዝያ፣ በታናሽ እህቴ በምሕረት ሰርግ ቀን ነው። ይኸው ዓመት አለፈው፤ እስካሁን እንግዳ ቤታችን መጥቶ "እስቲ የሰርጉን ቪዲዮ ክፈቱልን" ባለ ቁጥር ተነስቼ ወደ ጓዳ እገባለሁ። ለምን እንደምገባ ቤተሰቤ አያውቅም። ለእናንተ ልንገራችሁና ይውጣልኝ።

የምኖረው አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ነው። ቤተሰባችን ጋሞ ነው፤ አባቴና እናቴ ከጨንቻ ወርደው ነው እዚህ የወለዱን። እህቴ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እንደጨረሰች አዲስ አበባ ሄዳ እዚያው ቀረች፤ ባሏንም እዚያው አገኘች። ዳዊት ይባላል፤ ዝምተኛ፣ ጨዋ ልጅ ነው። በሱ ላይ አንዲት ክፉ ቃል አይወጣኝም። ጨጓራዬን የላጠው አንደኛ ሚዜው ነው።

ሚዜው ናሆም ይባላል። ሐሙስ ከሰዓት ከአዲስ አበባ ገብቶ ገና ሻንጣውን ሳያወርድ "እትዬ፣ ፎቶው ተራራው ላይ ነው! ሁለቱ ሐይቆች ከኋላ፣ ሙሽሮቹ ከፊት፣ በቃ ጨርሰናል!" አለኝ። እንደምን ከርማችሁ እንኳ አላለም።

ተራራው የሚለው ከጨንቻ በላይ ያለውን ፓርክ ነው። መኪና የሚደርሰው እስከ መግቢያው ብቻ ነው። ከዚያ ሃያ ደቂቃ ያህል በእግር ተወጥቶ አፋፉ ላይ ሲደረስ አባያና ጫሞ ከታች ተዘርግተው ይታያሉ። በበጋ እኔም ስንቱን እንግዳ ይዤ ወጥቻለሁ። ግን ሚያዝያ እኮ ነው! በኛ አገር ዋናው ዝናብ ሚያዝያ ላይ ነው፤ ያን ሳምንት ደግሞ ሰማዩ ተቀዶ ነበር።

ማስጠንቀቂያውም አልቀረም። የድምፅ ማጉያ የጫነች መኪና ሲቀላን እየዞረች "የመሬት መንሸራተት ስጋት ስላለ የፓርኩ የእግር መንገዶች ለጊዜው ተዘግተዋል" ስትል ዋለች። በስልካችንም መልእክት ገባ። ለናሆም አሳየሁት። አንብቦ ሲያበቃ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "አታካብጂ እትዬ! እንደዚህ የሚሉት እኮ ቱሪስት እንዳይከሳቸው ነው።"

ለእናቴ ነገርኳት። እናቴ ድስት ቆጥራ፣ ወንበር ቆጥራ ራሷ ዞሮባታል። "እንግዶች ናቸው፣ አታስከፊያቸው። ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ ነው፤ አንቺ ይዘሻቸው ውጪ" ብላ እኔኑ ደረበችብኝ። ምን በወጣኝ!

ቅዳሜ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ቃል ኪዳኑ ተፈጸመና በአንድ አውቶሞቢልና በአንድ ሚኒባስ ሆነን ሽቅብ ጀመርን። መንገዱ ከላይ እስከ ታች ጭቃ ነው። ሚኒባሱ ሁለት ጊዜ ተያዘ፤ ሁለቴም ሚዜዎቹ በሙሉ ልብስ ወርደው ገፉት። "አሁንስ ይበቃናል፣ ታች ሐይቁ ዳር እናንሳ" አልኩ። ጆሮ ዳባ ልበስ! ናሆም ጭቃውን ከጫማው እየጠረገ "ይኼ ራሱ ትዝታ ነው" ይላል። ሹፌሩን ለመንኩት፤ እሱም ወደ ናሆም እያየ ትከሻውን ነቀነቀ። ምሕረትን "አንቺስ አትናገሪም?" አልኳት። "አንድ ቀን ነው እኮ፣ እባክሽ አትነጫነጪ" አለችኝ። እንግዲህ ነጭናጫዋ እኔ ሆንኩ።

መግቢያው ጋ ስንደርስ መንገዱ ላይ ገመድ ተወጥሯል። ገመዱ ላይ በላስቲክ የተሸፈነ ወረቀት ተንጠልጥሎ "መንገዱ ዝግ ነው፤ ማለፍ ክልክል ነው" ይላል። የጥበቃው ቤት ግን ባዶ ነው፤ በሩም ገርበብ ብሏል።

"ይኸው፣ ከልብ ቢሆን ኖሮ ሰው ያቆሙ ነበር" አለ ናሆም።

"ወረቀቱን ማንበብ አትችልም?" አልኩት።

"በራሳችን ኃላፊነት እንገባለን። ምን ችግር አለው? ብንወድቅም የምንወድቀው እኛ ነን!" አለና ገመዱን ብድግ አድርጎ ሙሽሮቹን አሳለፈ። እኔም የእህቴን የቬሎ ጫፍ እንደያዝኩ ጎንበስ ብዬ አለፍኩ። ከንፈሬን ነክሼ "ከዚህ በኋላ አንዲት ቃል ብተነፍስ!" ብዬ ለራሴ ማልኩ።

ጉሙ ከባድ ነበር። አሥር እርምጃ ፊት ያለ ሰው ብዥ ይላል። ናሆም፣ ሁለተኛው ሚዜና ካሜራማኑ ከፊት፣ እኔና ሙሽሮቹ ከኋላ ሆነን ወጣን፤ እኔ ከሙሽሮቹ ጥቂት እርምጃ ቀድሜያለሁ። ምሕረት ዓይኗ ከጫማዋ አይነሳም፤ ዳዊት በክንዷ ይዟታል።

አፋፉ ሊደረስ ትንሽ ሲቀር አንድ ሽማግሌ መንገዱ መሃል ቆመው አየሁ። እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ለብሰዋል። በእጃቸው አንድ ጭብጥ እርጥብ ሳር ይዘዋል። ከእግራቸውም ሥር እርጥብ ሳር መንገዱን አቋርጦ ተጋድሟል።

የኛን አገር ለማያውቅ ልንገር። በጋሞ ሽማግሌ እርጥብ ሳር ይዞ ፊትህ ከቆመ በቃ፣ ነገር አለቀ። ጠበኛ ሁን፣ ተበዳይ ሁን፣ መንገደኛ ሁን፣ ካለህበት ትቆማለህ። ሳሩ ተረግጦ አይታለፍም። የኛ ቤተሰብ ወንጌላዊ ነው፤ ብዙ የድሮ ነገር ትተናል። ሳሩን ግን የተወ ሰው አላውቅም።

የአዲስ አበባ ልጆች ይኼን ከየት ይወቁ? ለነሱ መሬት ላይ ሳር ካለ ቄጠማ ነው፤ ቄጠማ ካለ ደግሞ ድግስ አለ ማለት ነው።

"እዩ! እዩ! አባባ ቄጠማ ጎዝጉዘው ተቀበሉን!" ብሎ ናሆም ጮኸ። "ቅረጽ እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ!" ካሜራማኑ መቅረጽ ጀመረ። ሁለተኛው ሚዜ እልልታውን አቀለጠው። ሽማግሌው ሳሩን በሁለት እጃቸው ከፍ አድርገው በጋሞኛ "በሳሩ ይዣችኋለሁ ልጆቼ፣ ተመለሱ፣ በሳሩ ይዣችኋለሁ" ይላሉ። እነዚህ ደግሞ ምርቃት መስሏቸው አንገታቸውን ደፍተው "አሜን! አሜን!" ይላሉ። ከዚያ ሦስቱም ሳሩን ረግጠው አለፉ።

እዚህ ላይ ነው የኔ ጉድ የሚመጣው። ሳሩን እንዳየሁ አውቄዋለሁ። ሽማግሌው የሚሉትንም አንድ በአንድ ሰምቻለሁ። "ቁሙ!" ማለት አንድ ቃል ነው። አላልኩም። ከጠዋት ጀምሮ ስለፈልፍ ሰሚ አጥቼ፣ ነጭናጫ ተብዬ፣ እልህ ይዞኛል። "ይርገጡት! ያበጠው ይፈንዳ! ያኔ ማን ልክ እንደነበር ያዩታል" አልኩ በሆዴ። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ደስ ብሎኝ ነበር።

ሽማግሌው ሦስቱ ሲያልፏቸው አልተቆጡም። ዞረው እኛን አዩ። ከዚያ መጥተው እህቴ ፊት፣ ጭቃው ላይ፣ በሁለት ጉልበታቸው ተንበረከኩ። ሳሩንም ዘረጉላት።

ምሕረት ቀና ስትል አየቻቸው። አዲስ አበባ ስንት ዓመት ብትኖርም የጋሞ ልጅ ናት። "ወይኔ አባቴ!" ብላ የዳዊትን ክንድ አስለቅቃ እሷም ጭቃው ላይ ዱብ አለች። ነጭ ቬሎዋ ጭቃ ውስጥ ገባ። "ይነሱ አባቴ፣ በእግዚአብሔር ይነሱ!" እያለች ታለቅሳለች።

"ልጄ፣" አሏት በጋሞኛ፣ ድምፃቸው ሳይነሳ፣ "ከታች ሰው አለ። ትናንት ንጋት ላይ መሬቱ ተንዶ ልጄን ከነቤቱ ወሰደው። መንደሩ እየቆፈረ ነው። እናንተ የምትሄዱበት አፋፍ በነሱ ራስ ላይ ነው። አፈሩ ገና አልረጋም። ሰው ከረገጠው ይወርድባቸዋል።"

ያኔ ነው እኔ የጮኽኩት። "ናሆም! ባለህበት ቁም! እግርህን እንዳታነሳ!"

ናሆም አፋፉ ጋ ሊደርስ ነበር። በጩኸቴ ደንግጦ ሲዞር ከጫማው ሥር አንድ ጓል ተነስቶ እየተንከባለለ ጉሙ ውስጥ ገባ። ጥቂት ቆይቶ ከታች የሰው ድምፅ መጣ፤ አንድ ሰው ጮኸ፣ ሌላው መለሰለት። ከዚያ የአካፋው ድምፅ ጸጥ አለ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አካፋ መኖሩን ማናችንም ልብ አላልንም፤ በእልልታ መሃል ማን ይሰማል? ጥበቃውም እንደሌሎቹ አካፋ ይዞ ከታች ነበር።

ሦስቱ እየዳሁ፣ እጃቸውን መሬት ላይ እያስደገፉ ተመለሱ። የናሆም ፊት አመድ መስሏል። ሽማግሌው ቁልቁል ተጣርተው ጠየቁ። ከታች "ደህና ነን" የሚል መልስ መጣ፤ ጓሉ ሰው አልነካም። አካፋው እንደገና ጀመረ።

እኔ ስድብ ነበር የጠበቅኩት፤ የሚገባንም እሱ ነበር። ሽማግሌው ግን ከያዙት ሳር ጥቂት መዘዙና በእህቴ እጅ ላይ አስቀመጡላት። "እንደዚህ ሳር ለምልሚ። ውለጂ፣ ልጆችሽንም አሳድጊ" አሏት። ልጃቸው ጭቃ ውስጥ ነው፤ እሳቸው የሰው ልጅ ይመርቃሉ። ዳዊት ቋንቋው ባይገባውም ጫማቸውን ሊስም ጎንበስ አለ፤ አቅፈው ቀና አደረጉት።

አዳራሽ ስንደርስ እናቴ ቬሎውን አይታ እሪ አለች። "ወደቀች" ብዬ ዋሸሁ። ፎቶ አልተነሳም፤ ሐይቁም በጉሙ አልታየም ነበር።

የሽማግሌውን ልጅ ሰኞ ዕለት አገኙት። ነገሩን ለእናቴ የነገርኳት ያኔ ነው፤ ግማሹን። ከሷ ጋር ለቅሶ ወጣሁ። ምሕረትን ሙሽራ ናት ብለን ቤት ተውናት፤ ዳዊትና ናሆም ግን አብረውን መጡ፤ ናሆም ወደ አዲስ አበባ መመለሻውን አስተላልፎ ሦስት ቀን ከሰዉ ጋር እንጨት ሲፈልጥ ሰነበተ። ሽማግሌው ተራዬ ደርሶ እጃቸውን ስስም አወቁኝ። "ሙሽራዋ ደህና ናት? ጭቃው ብርድ አላስመታትም?" አሉኝ።

አሁን ታሪኩ በቤተሰባችን ሲወራ ሰው ሁሉ ናሆምን ነው የሚወቅሰው። "ሳሩን ቄጠማ መሰለው" እያሉ ይስቁበታል፤ እሱም አንገቱን ደፍቶ ይቀበላል። በየበዓሉ ለሽማግሌው ይደውላል፤ እኔ ያስተማርኩትን ሁለት ቃል ጋሞኛ እየሰባበረ። እኔም "ነግሬህ ነበር" ማለት እወዳለሁ፤ ነግሬውም ነበር።

ናሆም ግን ሳሩን አያውቅም ነበር። እኔ አውቅ ነበር። ከታች ሰው መኖሩን ባላውቅም፣ ሽማግሌ ያለ ነገር ሳር እንደማይዝ አውቃለሁ። በንዴት አፌን የዘጋሁባት ያቺ ጊዜ አንድ ደቂቃ አትሞላም። ጓሉ ሰው ላይ ቢያርፍ ኖሮ ዛሬ ምን ብዬ እኖር እንደነበር አላውቅም።

ለምሕረት ይኼን እስካሁን አልነገርኳትም። ያን ቀን ዓይኗ ጫማዋ ላይ፣ ጆሮዋም እልልታው ላይ ስለነበር እኔም እንደሷ ያላየሁ፣ ያልሰማሁ ይመስላታል። እዚህ ካነበበችው እንግዲህ ታንብበው።